ጉንጉኑ ሰፊው ጫፍ ላይ ሲደርስ ለምን ይከፈታል?

ቦቢን48፦
ሰላም ወገኖች። የካርቦን ፋይበር ቱቦ እየጎነጎንኩ ነው። ማሽኑ 48 ቦቢን (ክር የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ) አለው፤ 24ቱ ወደ ቀኝ፣ 24ቱ ወደ ግራ ይዞራሉ። ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የምጎነጉንበት ማንድሬል (ክሩ የሚጠመጠምበት ቅርጽ) አንዱ ጫፉ 30፣ ሌላው 60 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። ጠባቡ ጋ ክሩ 45 ዲግሪ አዘንብሎ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣልኝ፣ ስታዩት ደስ ይላል። ሰፊው ጋ ግን ስለካው 63 ሆነ። ከዚያ እዚያ ሲደርስ ማንድሬሉን ወደፊት የሚስበውን መሳቢያ ፍጥነት እጥፍ አደረግኩት፣ ዲግሪው ወደ 45 ተመለሰ፣ ግን በክሮቹ መሃል ማንድሬሉ ፍንትው ብሎ የሚታይባቸው ቀዳዳዎች መጡ። ውጥረቱ ነው? ወይስ ቦቢኖቹ?

ድርናማግ፦
ማሽንህን አትፍታው፣ ደህና ነው። ጉዳዩ ጂኦሜትሪ ነው።

ቦቢኑ አንዴ ሲዞር ክሩ የማንድሬሉን ዙሪያ አንዴ ይጠመጠማል። በዚያው ጊዜ ማንድሬሉ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል። ዙሪያውን ለዚያች ርቀት አካፍል፣ የዲግሪው ታንጀንት እሱ ነው። ዲያሜትሩ እጥፍ ሆኖ ርቀቱ ካልተለወጠ ታንጀንቱ ከ1 ወደ 2 ይወጣል፣ ያም 63 ዲግሪ ነው። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርገው ወደ 1 መለስከው።

አሁን ቀዳዳው። 48 ክር በ3 ሚሊ 144 ነው። ይህን ለዙሪያው እጥፍ፣ በዲግሪው ኮሳይን ተባዝቶ፣ አካፍለው። 1 ከደረሰ ቀዳዳ የለም። ጠባቡ ጋ 1.08 ይመጣል፣ ክሮቹ እንዲያውም ተጨናንቀዋል። ሰፊው ጋ በ45 ዲግሪ 0.54 ብቻ ነው። ከ1 የጎደለውን በራሱ አባዛው፤ 21 በመቶው ባዶ ነው። በ63 ዲግሪ ትተኸው ቢሆን ኖሮ ባዶው 2 በመቶ ብቻ ነበር። ክር ሲጋደም ቦታ ይሞላል፣ ሲቀና ይከፍታል። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚለብሰውን የተጎነጎነ ሽፋን በእጅህ ያዝና ሳበው፣ ይቀጥናል፤ ከሁለቱም ጫፍ ግፋው፣ ይሰፋል። ክሩ አልረዘመም አላጠረም፣ የዞረው ዲግሪው ብቻ ነው።

ሸማኔዋ፦
ድርናማግ ያለው ልክ ነው። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። ዲግሪውን ከማንድሬሉ ዘንግ (በመሃሉ በርዝመቱ ከሚያልፈው መስመር) ተነስተህ ነው የለካኸው አይደል? ብዙ ሰው በሁለቱ ክሮች መሃል ይለካና 45ቱን 90 ይለዋል።

ደግሞ ፍጥነቱን በአንዴ አትቀይር። ክሩ ከቦቢኑ ወጥቶ ማንድሬሉን እስኪነካ በአየር ላይ የሚሄደው ርቀት አለ፣ ስለዚህ ዛሬ ያዘዝከው ዲግሪ ወዲያው አይታይም፣ ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። ማንድሬሉ መስፋት ከመጀመሩ በፊት ጀምረህ ቀስ በቀስ ጨምር።

ለመሆኑ ቱቦው ምን ይሸከማል? የውስጥ ግፊት ከሆነ 55 ገደማ ይሻላል፣ ምክንያቱም ግፊቱ ቱቦውን ዙሪያውን የሚወጥረው በርዝመቱ ከሚወጥረው በእጥፍ ነው። ጥምዘዛ ከሆነ ግን 45ቱን አትልቀቅ። መታጠፍ ካለበት በዘንጉ አቅጣጫ ቀጥ ያሉ ክሮች አስገባ።

ቦቢን48፦
ጥምዘዛ ነው፣ የማዞሪያ ዘንግ ነው። አዎ፣ ዲግሪውን ከማንድሬሉ ዘንግ ነው የለካሁት። እና 45ቱን ይዤ ቀዳዳውን በምን ልሙላው?

ድርናማግ፦
ወይ ሰፋ ያለ ክር፣ ወይ ሌላ ድርብ ጉንጉን ከላይ። ሰፊ ክር ካደረግክ ግን ጠባቡ ጋ ይጨናነቅብሃል፣ አሁንም 1.08 ነው ያለው። እኔ ብሆን ሰፊው ጋ ብቻ ሁለተኛ ድርብ እጎነጉናለሁ፤ የላዩ ቀዳዳ በታቹ ላይ በትክክል አይገጥምም፣ ብዙው ይሸፈናል። ውፍረቱ በአንዴ እንዳይዘል ግን ድርቡ የሚያልቅበትን ቦታ ክሮቹን ቀስ እያልክ እየቀነስክ ጨርሰው።

ቦቢን48፦
ነገ እሞክረዋለሁ። ፎቶውን እለጥፋለሁ።