ከኮምቦልቻ ቦሌ የአየር ጭነት ፓሌት ለሚያደርስ ተሳቢ ምን ዓይነት መቆለፊያ ይሠራለት?

ቦርከና ብየዳ፦

ሰላም ጀማው። ኮምቦልቻ ላይ ብየዳና የተሳቢ ጥገና እንሠራለን። አንድ ደንበኛ 13.6 ሜትር ርዝመትና 2.50 ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ተሳቢ አምጥቷል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሰፋ ልብስ እዚሁ በአውሮፕላን ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ዝርግ የአልሙኒየም ሰሌዳ) ላይ ተደርድሮ፣ መረብ ለብሶ፣ ሳይፈታ ቦሌ ካርጎ እንዲደርስ ሮለር ወለል ሥሩልኝ ነው የሚለው። ሮለሩ አያስቸግረንም፤ ቧንቧውም ኩሽኔታውም ይገኛል። የከበደን መቆለፊያው ነው። ደንበኛው ኤርፖርት ውስጥ የሚጎተተውን የፓሌት ጋሪ፣ የዶሊን መቆለፊያ አሳይቶን «ይኸንኑ ድገሙት» ይላል።

ለአንድ ፓሌት ስንት መቆለፊያ፣ የት የት ይቀመጥ? ፒኑ በስንት ውፍረት ይሁን? ፓሌቱ ሁለት ዓይነት ስፋት አለው ይባላል፤ ለሁለቱም የሚሆን እንዴት ይሠራል? ደግሞስ መቆለፊያውን ትተን ከላይ በጭነት ቀበቶ ብንወጥረው ምን ይጎድላል?

ጦሳ፦

ወንድማለም፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ከሁሉም አደገኛው ጥያቄ እሱ ነው። ከላይ የሚወጠር ቀበቶ መቆለፊያን አይተካም። ቀበቶ ጭነትን የሚይዘው ወደ ታች ተጭኖ፣ ጭነቱና ወለሉ መካከል ያለውን ሰበቃ በማብዛት ነው። ሮለር ደግሞ የተሠራው ሰበቃን ለማጥፋት ነው። ቀበቶውን ባጠበቅህ ቁጥር ካርቶኑ ይጨማደዳል፣ መረቡ ይላላል፣ ፓሌቱ ግን እንደ ልቡ ይሄዳል። መረቡ ዕቃውን ከፓሌቱ ጋር ያስራል፤ መቆለፊያው ፓሌቱን ከመኪናው ጋር ያስራል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ልኩን በተመለከተ፣ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ናቸው። ፒኤምሲ የሚባለው 318 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፒኤጂ 318 በ224። ርዝመታቸው አንድ ነው፣ ስፋታቸው በ20 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ፒኤምሲ ከነመረቡና ከነጭነቱ እስከ 6,804 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ እንደ አውሮፕላኑና እንደሚቀመጥበት ቦታ ከዚህ ያንሳል። ልብስ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ስለሚሞላ እዚያ አይደርስም። አንተ ግን በ6,804 አስላው፤ ነገ በዚያው ተሳቢ ማሽን ሊጫን ይችላል።

318ቱ ወደ ጎን አይገባም፣ ከ2.50 ይበልጣል። ስለዚህ በተሳቢው ርዝመት 4 ፓሌት ተከታትለው ይደረደራሉ፤ 12.72 ሜትር ይይዛል። የቀረው 88 ሴንቲ ሜትር ለመቆለፊያዎቹ ነው። በጎን ግን ጥብቅ ነው፦ ለፒኤምሲ የሚተርፈው በሁለቱም በኩል 3፣ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎኑን የሚይዘው ብረት በዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ፓሌቱ ሳይቀረቅር እንዲገባም ትንሽ ክፍተት ተውለት። ለፒኤጂ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ የጎን መያዣ ያስፈልግሃል፤ የማይፈለግ ጊዜ ከሮለሩ ከፍታ በታች የሚተኛ፣ ሲፈለግ የሚነሳ። በሁለቱም በኩል 10፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ይቀመጥ፤ ጭነቱ መሃል እንዲሆን። በአንድ በኩል ብቻ 20 ብታስገባ ሥራው ይቀላል፣ ግን ክብደቱ ሁልጊዜ ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል። ፒኤጂ ጭነህ የውስጡን መያዣ ሳታነሳ ከሄድክ ደግሞ ፓሌቱ በየኩርባው 20 ሴንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ እየሮጠ የጎን ብረቱን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

የዶሊውን መቆለፊያ «ይኸንኑ ድገሙት» መባሉን አልስማማበትም። ዶሊ የሚሄደው ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ነው፤ አውሮፕላን የሚቆምበት ቦታ ተዳፋቱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የዓለም አቀፉ መመሪያ የሚመክረው። ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው። እዚያም ቢሆን ኩርባ ላይ ያለው ግፊት ቀላል አይደለም። 8 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲኬድ የሞላ ፒኤምሲ ጎኑን ወደ 1,500 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይገፋል። ያንኑ ኩርባ በ25 ብትሄድ ከ4,100 ኪሎ ያልፋል። ብዙዎቹ የዶሊ መቆለፊያዎች ወደ ጎንና ወደ ፊት ከማገድ በቀር ወደ ላይ አይዙም። ያንተ ተሳቢ መንገድ ላይ ይዘላል። የፓሌቱን ጠርዝ ከላይ የሚነክስ ከንፈር ያለው መቆለፊያ ነው የሚያስፈልግህ።

ሐረጎ መካኒክ፦

ጦሳ ያለው ልክ ነው። ቁጥሩን እኔ ልጨምር።

በመንገድ ጭነት ማሰሪያ ስሌት፣ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 12195 የሚለው፣ ወደ ፊት የክብደቱን 0.8፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 0.5 መያዝ ነው። ለ6,804 ኪሎ ወደ ፊት 5,443 ኪሎ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 3,402 ኪሎ ማለት ነው። ለአንድ ፓሌት ከፊት 2 ከኋላ 2 መቆለፊያ አድርግ። ግን 5,443ን ለሁለት አካፍለህ አትሥራ። ፓሌት ትንሽ ጠመም ብሎ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚነካው አንዱን ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ሙሉውን የሚቀበለው ያ አንዱ ነው። እያንዳንዱ መቆለፊያ ብቻውን እንዲችለው አድርገህ ሥራ።

የመቆለፊያው ምላስ (ፓሌቱን የሚያግደው ተነሺ ብረት) የሚዞርበት ፒን በቶርኖ የወጣ 20 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ብረት ይሁን፣ በሁለት ጆሮ (ፒኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳ ያላቸው ላሜራዎች) መካከል የተያዘ። በአንድ ጆሮ ብቻ ከተንጠለጠለ ሊችል የሚገባው ወደ 3,200 ኪሎ ነው፤ በሁለት ጆሮ እጥፍ ይሆናል፣ ለ5,443ም ይበቃል። ፌሮ (የግንባታ ብረት) ቆርጠህ ፒን አታድርግ፤ ውጪው ሸካራ ስለሆነ ቀዳዳውን ይበላል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምላሱ ይወላገዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ፒኑን አይደለም፣ ሥሩን ነው። ፓሌቱ መቆለፊያውን የሚገፋው ከወለሉ ከፍ ብሎ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ 5,443 ኪሎ ሲገፋ፣ በ1 ሜትር ዘንግ ጫፍ 218 ኪሎ ተንጠልጥሎ እንደሚነቅለው ያህል ነው። ስለዚህ የታችኛው ላሜራ ግፊቱ በሚመጣበት አቅጣጫ ረዘም ይበል፤ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ የሚበየደውም ከተሳቢው አግዳሚ ብረት ላይ። የወለል ላሜራ ላይ ብቻ ከበየድከው ብየዳው ሳይለቅ ላሜራው ራሱ ተቦጭቆ ይነሳል። ዙሪያውን 6 ሚሊ ሜትር ብየዳ ስጥ፣ እንዲያምር ብለህ በግራይንደር አትላገው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኮምቦልቻ ጭኖ የሚሄድ መኪና ከሸዋ ሮቢት በኋላ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ያ ሁሉ ዳገት የጭነቱን ክብደት ኋላ መቆለፊያው ላይ ይጥለዋል። 10 በመቶ ተዳፋት ላይ የሞላ ፓሌት 680 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይስባል፤ ሮለሩ በሰበቃ የሚይዘው ቢበዛ የዚያን ሲሶ አይሆንም። ከፊት ወፍራም ብረት አቁሞ ከኋላ ቀጭን ፒን የሚያስገባ ሠሪ አለ፤ ዳገት ላይ መኪናው ቆሞ እንደገና ሲነሳ የሚነጥቀው ያንን ነው።

ቦርከና ብየዳ፦

አያ ጦሳም መካኒኩም ያኑርልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። የተሰበረ ባሌስትራ (የመኪና ተደራራቢ የሞላ ብረት) ብዙ አለን፤ ጠንካራ ስለሆነ የመቆለፊያውን ምላስ ከሱ ብንቆርጠውስ? ምላሱንስ የሚያነሳው ሞላ ይሁን ወይስ በእግር የሚረገጥ?

ሐረጎ መካኒክ፦

ባሌስትራውን ተወው። ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ሳይሞቅ ተበይዶ በአየር ሲቀዘቅዝ ብየዳው ዳር ያለው ክፍል እንደ ብርጭቆ ይሆንና ከጎኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ከቀለም በታች ስለሆነ አይታይም። ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ላሜራ ቁረጥ፤ ወፍራም ለስላሳ ብረት ሲጎዳ ይጣመማል፣ ሲጣመም ታየዋለህ፣ ትቀይረዋለህ። ባሌስትራ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው።

ምላሱን በሚያነሳው ነገር ላይ እኔ ምርጫዬ በክብደት የሚነሳ ነው፦ የምላሱ ጅራት ከአፍንጫው ከብዶ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ሞላ ካደረግህ ከጅራቱ ክብደት በተጨማሪ ይሁን፣ ሞላው ሲሰበር መቆለፊያው እንዳይተኛ። ቆሞ እንዳለ እንዳይወድቅም ከኋላው ማገጃ ፒን ከነኮፒሊያው (ፒኑ እንዳይወጣ ከሚይዘው ሽቦ) ይግባበት፣ ፒኑን በአጭር ሰንሰለት እሰረው፣ አለዚያ በሁለተኛው ጉዞ ይጠፋል። አንድ ርካሽ ነገር ልጨምር፦ ምላሱ ሲተኛ ብቻ የሚታየውን ገጽ ቀይ ቀባው። ረዳቱ ዙሮ ሲያይ ቀይ ካየ መቆለፊያው አልቆመም።

የቃሉ ልጅ፦

ስለ አጫጫኑና ስለሚበላሸው ነገር ልበል፤ ጥሩ መቆለፊያ ተሠርቶ በአያያዝ የሚከሽፍበት ብዙ ነው።

በቅድሚያ ለደንበኛው ግልጽ ይሁን፦ ይህ ተሳቢ ለኮምቦልቻ ኤርፖርት አይደለም። እዚያ የሚያርፈው ዳሽ 8 የሚባለው አነስተኛ አውሮፕላን ፓሌት አይቀበልም፤ ዕቃው አንድ በአንድ ተጭኖ በመረብ ይያዛል። ፓሌቱ ትርጉም የሚኖረው ቦሌ ትልቁ አውሮፕላን ሆድ ሲገባ ነው።

ከመጫኑ በፊት ወለሉ ይጠረግ። የፕላስቲክ መጠቅለያ ቁራጭ፣ የካርቶን ማሰሪያ ላስቲክና ጭቃ የሮለሩ ጫፍ ላይ ይጠመጠማል፤ አንድ ሮለር ሲቆም ፓሌቱ እዚያ ላይ ይዞራል፣ ጠሞም መቆለፊያው ላይ በማዕዘኑ ይደርሳል። ቀጥሎ የፓሌቱን ጠርዝ እዩ። የአልሙኒየሙ ጠርዝ በፎርክሊፍት ተመትቶ ወደ ላይ ከታጠፈ ከንፈሩ ሥር አይገባም፤ ወደ ታች ከታጠፈ ሮለሩን ይፍቃል። እንዲህ ያለ ፓሌት በመዶሻ ተደብድቦ አይጫንም፣ ይመለሳል። የፓሌቱ መሃል ዝርግ አልሙኒየም ስስ ነው፤ ከሥሩ በተለምዶ 4 መስመር ሮለር ያስፈልገዋል። የሹካ ማስገቢያ የሌለውን ፓሌት በፎርክሊፍት ማንሳት መሃሉን አጉብጦ ያስቀረዋል።

ሲጫን የፊተኛው የፓሌት ቦታ 2 መቆለፊያዎች ቀድመው ይቁሙ፤ ከዚያ ፓሌቱ ይገፋ፣ እስኪነካ ድረስ ይሂድ፣ የኋላዎቹ 2 ይነሱ፣ ማገጃ ፒናቸው ይግባ። ከዚያ ፓሌቱን በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት መግፋት። ጥቂት ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም፤ ከንፈሩ ከጠርዙ ላይ የሚለቅ ከሆነ ግን ቦታው አይሆንም። ሁለተኛው ፓሌት የሚገባው የመጀመሪያው ተቆልፎ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። አራቱንም አስገብቶ መጨረሻ ላይ መቆለፍ የሚሉት አሠራር ሰው የሚጎዳበት ነው፤ የኋላኛው ሲገፋ የፊተኛው ይሄዳል፣ በመካከል የሰው እግር ይኖራል። ተሳቢው በትክክል ሜዳ ላይ ካልቆመ ማንም ከፓሌቱ ፊት ለፊት አይቁም፤ የሚንሸራተት ፓሌትን በደረት ለማቆም መሞከር አይታሰብም።

የጭነት ሹፌር 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ፣ ለምሳሌ ሐርቡ አካባቢ፣ ቆሞ ሁሉንም ይይ። ጭነቱ ቦታውን የሚይዘው ከመጀመሪያዎቹ ንዝረቶች በኋላ ስለሆነ ፒንም መረብም የሚላላው ያኔ ነው።

ስለ ባዶ ፓሌት መመለስ ማንም አላነሳም። ባዶው እያንዳንዱ ወደ 100 ኪሎ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይመለሳል። መቆለፊያህ የሚይዘው የታችኛውን ብቻ ነው! አልሙኒየም በአልሙኒየም ላይ ይንሸራተታል፣ የላይኛው በጣርማ በር ቁልቁለት ወደ ሹፌሩ ጋቢና ይመጣል። ቀበቶ በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ቁልሉ ከፊት ግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ በየመካከሉ የጎማ ንጣፍ ገብቶ፣ ቢያንስ በ2 ቀበቶ ይታሰር፤ ወደ ፊት የሚያግደው ነገርም ከቁልሉ ቁመት ያላነሰ ይሁን።

ጦሳ፦

የቃሉ ልጅ ያነሳው ልክ ነው። ቦርከና፣ ደንበኛህ አቅም ካለው ሮለሩን በአየር የሚነሳና የሚወርድ አድርገው። ሲጫን ይነሳል፤ መንገድ ላይ ይወርድና ፓሌቱ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ጎማ ላይ ያርፋል። ሰበቃ ስለሚመጣ መቆለፊያዎቹ የሚሸከሙት በጣም ይቀንሳል፤ ከንፈሩም እንደ በፊቱ ሥራው ላይ ይቆያል። ግን መቆለፊያው ለዚያ ብለህ አይሳሳ፣ ጎማው ላይ ዘይት ወይም ጭቃ ሲኖር ሰበቃው ይከዳል። ሮለሩ ሲወርድ ፓሌቱም አብሮ ዝቅ ይላልና የከንፈሩን ከፍታ ስትለካ በሁለቱም ሁኔታ ለካ፤ ሮለሩ ተነስቶ ጠርዙ ከንፈሩን ወደ ላይ መግፋት የለበትም።

አየሩን ከፍሬኑ መስመር ላይ በቀጥታ አትቁረጥ። የራሱ በርሜል ይኑረው፣ የፍሬኑ ግፊት ሲወርድ ራሱ የሚዘጋ መከላከያ ቫልቭም በመካከል ይግባ። አለዚያ አንድ የሮለር ፊኛ ሲቀደድ የተሳቢው ፍሬን አየርም አብሮ ያልቃል።

ቦሌ ላይ ስለሚራገፈው ከፍታ፦ ዶሊዎች በተለምዶ 508 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ ያንተ ተሳቢ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል። የሚራገፈው ከፍ ዝቅ በሚል መድረክ ላይ ስለሆነ የተሳቢው ኋላ ጫፍ ንጹህ ይሁን፤ የመጨረሻዎቹ 2 መቆለፊያዎች ሲተኙ ከሮለሩ በላይ የሚቀር ጆሮ፣ ብሎን ወይም ሰንሰለት እንዳይኖር። ሥራውን ሳትጀምር ከደንበኛው አንድ ፒኤምሲና አንድ ፒኤጂ ባዶ ፓሌት አስመጥተህ ጠርዛቸውን በካሊፐር ለካና የመጀመሪያውን መቆለፊያ በእነሱ ላይ ሞክር፤ ሌላውን 15 ከዚያ በኋላ ቁረጥ።