የዕቅድ ውይይት፦ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ለተቆጣጣሪው የሚያቀርቡት የጋራ ሐሳብ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ስም ስለ ፋብሪካዎቻችን ፍሳሽ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና ለክልሉ መሥሪያ ቤት የምናስገባው ሰነድ ረቂቅ ደርሷችኋል። አሁን ባለው አቀማመጥ የመጀመሪያው አንቀጽ የፍሳሽ ገደቦቹን ለማሟላት የሦስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እስቲ በዚህ ላይ ተነጋገሩ።

የማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ፦
የእፎይታው ጥያቄ ፊት መምጣቱን አልደግፍም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001ም ቢሆን አዲስ አይደለም። ባዶ እጃችንን ጊዜ ስጡን ብንል መልሱ «እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?» ነው። ፊት መምጣት ያለበት ተቆጣጣሪው መጥቶ በዓይኑ የሚያየውና የሚለካው ሥራ ነው። እሱም ፍሳሹን ከምንጩ መለየት ነው።

ጸጉር ከሚለቀቅበት ከበሮ የሚወጣው ኖራና ሰልፋይድ ያለበት ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 12 አካባቢ፣ ማለትም ጠንካራ አልካሊ ነው። ቆዳው በክሮም ጨው ከሚለፋበት ከበሮ የሚወጣው ግን ከ4 በታች፣ ማለትም አሲድ ነው። ሁለቱ በአንድ ቦይ ሲገናኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ጉድጓድ ለመጥረግ የገባን ሰው ይገድላል፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ስለሚደነዝዝ ሽታው ጠፋ ብሎ መግባት ደግሞ የባሰ ነው። ሁለተኛው ጣጣ፣ ክሮሙ ከኖራው ጋር ወርዶ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ ዝቃጩ በሙሉ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል፤ ለማዳበሪያ የሚወስደው የለም። መለየቱ ሁለት ተጨማሪ ቱቦና አንድ የማጠራቀሚያ ገንዳ ነው የሚፈልገው። ከዚህ በፊት የሚሠራ ማንኛውም ማጣሪያ ገንዘብ ማባከን ነው።

የምርት ክፍል፦
በመለየቱ እስማማለሁ። ግን «ሁለት ቱቦ» ብሎ ማቅለል ይከብዳል። ከበሮዎቹ በአንድ የወለል ቦይ ላይ በተደረደሩበት ፋብሪካ ወለል መስበር አለ። ያውም ያው ከበሮ ጠዋት ለኖራ፣ ማታ ለክሮም የሚያገለግልበት ቤት አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ሥራው የሚጀምረው ከበሮ በመመደብ ነው። ስለዚህ ሰነዱ ለሁሉም አንድ ቀን አይቁረጥ፤ ፋብሪካው ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ የቦይ ካርታ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያስገባ፣ ቀኑ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይቆረጥ።

የኬሚካል ክፍል፦
የክሮምን ሂሳብ ጨምሩበት፤ ባለቤቶቹን የሚያሳምነው እሱ ነው። ለአንድ ቶን ቆዳ 8 በመቶ የክሮም ዱቄት ብንሰጥ 80 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ክሮም ኦክሳይዱ ሩብ ያህል፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ስለሆነ ከ6 እስከ 8 ኪሎው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ወደ ቦይ ይሄዳል።

መልሶ ለመያዝ ውሃው መጀመሪያ በወንፊት ይጣራል፣ ስቡ ከላይ ይገፈፋል። ከዚያ ማግኒዥየም ኦክሳይድ እየተጨመረ ፒኤቹ 8.5 ገደማ እስኪደርስ ይማሰላል፤ ሌሊቱን ይዘቅጣል። ጠዋት የጠራው ውሃ ይቀዳል፣ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟና ከአዲስ ክሮም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ከበሮ ይመለሳል። ርካሽ ነው ብሎ በማግኒዥየም ፋንታ ኖራ የሚጠቀም ሰው አሲዱ ሲገባ የማይሟሟ ጂፕሰም ይገጥመዋል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ የማይረጋ፣ እንደ ገንፎ ያበጠ ዝቃጭ ነው የሚሰጠው። ስቡ ካልተገፈፈ ዌት ብሉው (በክሮም የለፋው እርጥብ ሰማያዊ ቆዳ) ላይ ነጠብጣብ ይወጣና ያኔ ምርት ክፍል «ሁለተኛ እንዳታመጡብን» ይላል።

ፋይናንስ፦
ማግኒዥየም ኦክሳይዱስ በምን ምንዛሪ ይገባል? ትናንሽ ፋብሪካዎች ለብቻቸው አይችሉትም።

የማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ፦
ለዚህ ነው የጋራ የክሮም መመለሻ የሚያስፈልገው። ትናንሾቹ የክሮም ውሃቸውን በቦቴ ያምጡ፣ በሊትርና በክሮም መጠን ይመዘገብላቸው። መሣሪያውን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ 300 ራሱ በር ከፍቷል፤ ብክለት ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ ባለሥልጣኑ ካረጋገጠ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ነው። አንቀጹ መሣሪያ እንጂ ኬሚካል አይልም፤ ስለዚህ ማሰላሰያውን፣ ፓምፑን፣ ፒኤች መለኪያውንና ለማጣሪያው አየር የሚነፋውን ብሎወር በአንድ ዝርዝር አድርገን የማረጋገጫ ደብዳቤ እንጠይቅ። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለየብቻ ደብዳቤ ይዞ ከሚንከራተት ይሄ ይሻላል።

ላቦራቶሪ፦
ከተቆጣጣሪው ጋር ብዙውን ጭቅጭቅ የሚያመጣው ናሙና ነው። በረቂቁ ግን አንድ መስመር ብቻ ተሰጥቶታል። ይህን ዘርዝሩልኝ።

አንደኛ፣ የሚወሰደው ናሙና በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በየሰዓቱ፣ እንደ ፍሰቱ መጠን የተቀዳ ድብልቅ ይሁን። አንድ ጆግ ብቻ ከተቀዳ ውጤቱ የሚወሰነው በዚያች ደቂቃ የትኛው ከበሮ እንደተለቀቀ ነው፤ ለፋብሪካው አንዳንዴ ይጠቅመዋል፣ አንዳንዴ ይጎዳዋል፣ እውነቱን ግን አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ለየመለኪያው የተለየ ጠርሙስ። የጠቅላላ ክሮም ናሙና በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ይደረጋል። የሰልፋይድ ግን ዚንክ አሲቴትና ኮስቲክ ነው የሚፈልገው፤ በስህተት አሲድ የገባበት እንደሆነ ሰልፋይዱ በጋዝ መልክ በኖ ውጤቱ «የለም» ይላል። ሄክሳቫለንት ክሮም (መርዛማው የክሮም ዓይነት) በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካልተነበበ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ ሲኦዲ፣ ማለትም በውሃው ያለውን ብክለት በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን። የእኛ ውሃ ጨው የበዛበት ነው። የጨውን ክሎራይድ የሚይዝ የሜርኩሪ ሰልፌት በበቂ መጠን ካልተጨመረ ቁጥሩ ያለ ልክ ይወጣል። የፋብሪካው ላብ 450፣ የተቆጣጣሪው 800 ቢያነቡ ሁለቱም አልዋሹም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ገደቡ 500 ሚሊግራም በሊትር ሲሆን ግን አንደኛው ቁጥር ፋብሪካ ያዘጋል። ስለዚህ ናሙናው ለሦስት ተከፍሎ ይታሸግ፤ አንዱ ለተቆጣጣሪ፣ አንዱ ለፋብሪካ፣ ሦስተኛው ልዩነት ሲመጣ ብቻ ለሚከፈት የጋራ ላብ።

የምርት ክፍል፦
ይህ ተቆጣጣሪውን አላምንህም ማለት አይመስልም?

ላቦራቶሪ፦
አይመስልም። በፍርድ ቤት የሚቆም ማስረጃ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል። በዚያው ላይ ሳያስታውቁ የመግባት ሥልጣናቸውን በምንም መልኩ አንንካ፤ «በቅድሚያ ይነገረን» የሚለው ሐረግ ረቂቁ ውስጥ አለ፣ ይውጣ። እሱ ሳይወጣ ከቀረ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል።

የማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ፦
ትክክል ናት። የምንሰጠው ቃል ደግሞ በየወሩ የሚፈተሽ ይሁን። ብሎወሩ ላይ ለብቻው የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ይግጠም፤ ማታ ማታ ማጣሪያ የሚያጠፋ ፋብሪካ በኪሎዋት ሰዓቱ ይታወቃል። መብራት ሲጠፋ ብሎወሩ በጄኔሬተር ይቀጥል፤ አየር ረዘም ላለ ጊዜ ከተቋረጠ ውሃውን የሚያጣራው ባክቴሪያ ይሞታል፣ እስኪያገግም ሳምንታት ይፈጃል። የተገዛ ክሮም፣ የወጣ ቆዳና የተወገደ ዝቃጭ በአንድ ሠንጠረዥ ይቅረቡ። ሦስቱ እርስ በርስ ካልተመጣጠኑ የሆነ ቦታ የሚፈስ አለ።

ወጪ ንግድ፦
ይኸው ሠንጠረዥ የቆዳ ፋብሪካዎችን የአካባቢ አያያዝ በሚመዝነው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ፣ ኦዲት ጊዜም ስለሚጠየቅ ሁለት ጊዜ አንሠራውም። በኔ በኩል ድጋፍ ነው።

አስተባባሪ፦
የእፎይታው አንቀጽ ወደ መጨረሻ ወርዶ እንዲህ ተስተካክሏል፦ «የሰልፋይድ 1 ሚሊግራም፣ የጠቅላላ ክሮም 2 ሚሊግራም በሊትር ገደብ ላይ ድርድር አንጠይቅም። የቦይ ካርታ ያስገባ፣ ቆጣሪ የገጠመና መስመር የመለየት ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ብቻ፣ በተስማማበት የጊዜ ሰሌዳ እስከሄደ ድረስ፣ ከመታሸግ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የማረሚያ ጊዜ ይሰጠው። ሰሌዳውን ያፈረሰ ማኅበሩ አይከላከልለትም።»

ፋይናንስ፦
የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አባላትን ታስቆጣለች።

የኬሚካል ክፍል፦
ታስቆጣ። እሷ ከወጣች ሰነዱ ተራ ማመልከቻ ነው።

ላቦራቶሪ፦
ስለ ክሎራይድ ምንም አልተባለም። ባክቴሪያም ኖራም ጨው አያወጣም። ጥሬ ቆዳው ከመነከሩ በፊት ጨው ማራገፊያ ከበሮ ውስጥ ካልተራገፈ፣ የመጀመሪያው የመንከሪያ ውሃም ተለይቶ በፀሐይ ማትነኛ ገንዳ ካልተያዘ፣ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ በክሎራይድ እንወድቃለን። ለገንዳው ደግሞ መሬት ያስፈልጋል፤ መሬት የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው።

አስተባባሪ፦
እንግዲያው የሰነዱ ግልባጭ ለሞጆ ከተማ አስተዳደርም ይሄዳል፤ የገንዳው የቦታ ጥያቄ ለብቻው አባሪ ይሁን። የማትነኛውን ስፋት የሚያሰላልን ማነው? በቀን የሚገባውን የመንከሪያ ውሃ በኪዩቢክ ሜትር እያንዳንዱ ፋብሪካ እስከ ዓርብ ይላክልኝ።