አሮጌው የአየር ሽጉጥ ወይስ አዲሱ? ልጄ ምርጫውን በእኔ ላይ ጣለው

ባለቶርኖው (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በቶርኖ ሥራ 34 ዓመት ኖሬአለሁ። ጥያቄዬ ስለ ሽጉጥ ቢሆንም እኔ የብረት ሰው መሆኔን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

ሁለተኛው ልጄ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ይኖራል። ከሥራ በኋላ የሚሄድበት የኢላማ ተኩስ ክበብ አለ፤ በ10 ሜትር ርቀት በአየር ሽጉጥ ይተኩሳሉ። እስካሁን የሚለማመደው በክበቡ መሣሪያ ነበር። አሁን የራሱን ሊገዛ ተነሥቶ ሁለት ምርጫ ገጥሞታል። አንደኛው ፋይንቬርክባው 65 ነው፤ አንድ አዛውንት የክበቡ አባል በ350 ዩሮ እሰጥሃለሁ ብለውታል። ሌላው የዚያው ፋብሪካ አዲሱ ፒ8 ኤክስ ነው፤ የተጠየቀበት ዋጋ ከ1,800 ዩሮ በላይ ነው። «አባዬ፣ ብረት የምታውቀው አንተ ነህ፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ።

የአሮጌውን ፎቶግራፍና የውስጥ ሥዕሉን ላከልኝ። እሱን ሳይ እራቴ ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ነው። የጎን ዘንጉ ሲሳብ ሞላው ይወጠራል፤ ቃታው ሲለቅቀው ፒስተኑ ወደ ፊት ተወርውሮ አየሩን ያምቅና 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነችውን የእርሳስ ፍሬ ይገፋታል። ሞላ ያለው መሣሪያ ደግሞ ይራገጣል። እነዚህ ሰዎች ታዲያ አፈሙዙንና ሲሊንደሩን በሐዲድ ላይ አስቀምጠው፣ በተኩሱ ቅጽበት ወደ ኋላ እንዲንሸራተት አደረጉት። እርግጫው እዚያው ብረቱ ውስጥ ያልቃል፤ እጅ ዘንድ አይደርስም። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ! ፋብሪካው ያለው ኦበርንዶርፍ ነው፤ አባቶቻችን በስሙ የሚያውቁት ማውዘር የተሠራበት ከተማ። መሥራቾቹም ከማውዘር የወጡ መሐንዲሶች ናቸው።

የአዲሱን ምኑን ልንገራችሁ? ከአፈሙዙ ሥር ቱቦ አለ፤ አየር በ200 ባር ይሞላበታል። ቫልቭ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ። ቱቦው ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይጣላል። እኔ የምሠራበት ቶርኖ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ገና ሲወለድ የሞቱ ቀን የተጻፈበት ብረት አይገባኝም።

ልቤ ወደ አሮጌው አዘንብሏል። ነገር ግን ልጁ መወዳደር ይፈልጋል፤ የሚገዛው እኔን ለማስደሰት አይደለም። ይህን ስፖርት በእጁ የሞከረ ካለ ይምከረኝ።

ጡረተኛው አሠልጣኝ

ወንድሜ፣ አሮጌውን ይግዛ። ምልምል ሳሠለጥን የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መሣሪያው ሲመቸው ተኳሹ ይሰንፋል። ያ ሽጉጥ ቃታውን ከ500 ግራም ወደ 1,360 ግራም የሚቀይር ማስተካከያም አለው። በከባዱ ጣቱን ይግራ፣ በቀላሉ ይወዳደር። የተረፈውን ገንዘብ የእርሳስ ፍሬ ይግዛበት፤ ሰው የሚሻሻለው በመተኮስ ነው።

መንገደኛው

የትኛውንም ቢገዛ ለእረፍት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ እንዳይከተው። ጀርመን ውስጥ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል ያልበለጠ የአየር መሣሪያ 18 ዓመት ለሞላው ያለ ፈቃድ ይሸጣል። ቦሌ ላይ የሚፈትሸው ሰው ግን ጁል አይቆጥርም፤ የሚያየው ሽጉጥ ነው። ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያንብቡት።

የሐይቅ ዳሯ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ ጀርመን ተምሬ የተመለስሁ ነኝ። 65ን ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ባለ ቱቦውን ሦስት ዓመት ተኩሻለሁ፤ ስለዚህ የሁለቱንም ጣዕም አውቃለሁ። የአሮጌው አሠራር እርስዎ እንዳሉት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። ወንበር ላይ አስደግፈው ቢተኩሱት እርሳሶቹን በአንድ ቀዳዳ ይሰካቸዋል። ችግሩ ያለው ክንድ ላይ ነው።

ውድድሩ በ75 ደቂቃ 60 ተኩስ ነው፤ ኢላማው መሐል ያለችው፣ አሥር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሞላው ሽጉጥ ስልሳ ጊዜ ዘንግ ይስባሉ፤ የማሟሟቂያው ሳይቆጠር ማለት ነው። አርባኛው ላይ ስደርስ ትከሻዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን ጊዜው ነው። ቃታው ከተለቀቀ በኋላ ፒስተኑ መንገዱን እስኪጨርስ፣ እርሳሷም ከአፈሙዙ እስክትወጣ የእጅ አንጓ ትንሽ ከወረደ ያቺ ትንሽ ኢላማው ላይ ሁለት ቁጥር ታወርዳለች። በታመቀ አየር ይህ ጊዜ ያጥራል፤ ስሕተትዎን ይቅር ይልዎታል። አሠልጣኙ ይህን ስንፍና ይሉታል፤ እኔ ነጥብ እለዋለሁ።

ደግሞ ከልምምዱ ብዙው የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ያለ እርሳስ ነው። በአዲሱ ቃታውን መቶ ጊዜ ቢስብ ምንም አይሆንም። ባለ ሞላው ባዶውን ሲተኮስ ፒስተኑ የሚያቆመው አየር አጥቶ ጫፉን ይመታል፤ ይህን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ይረዱታል።

ስለ ቱቦው አይዘኑ። አሥር ዓመት ሲሞላው የሚጣለው ቱቦው ብቻ ነው፤ ሽጉጡ ይቀጥላል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ልጅዎ የሚተኩሰው በየትኛው እጁ ነው?

ባለቶርኖው

በግራው! ይህን እንዴት ሳልናገር ቀረሁ? ልጅ ሳለ ማንኪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ ስናዛውርበት ነው ያደገው፤ ዞር ስንል ይመልሰው ነበር። ጥያቄሽን አንብቤ ሥዕሉን እንደገና ዘረጋሁት። የጎን ዘንጉ የተሠራው ቀኝ እጁ ሽጉጡን ይዞ ግራው ለሚስብ ሰው ነው። እጀታውን ከወይራ እቀርጽለታለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ዘንጉን ግን ወደ ሌላው ጎን ላዛውረው አልችልም፣ ብችልም እጄን አላነሣበትም።

ትናንት ማታ ደውዬ አዲሱን ግዛ አልሁት። ዝም አለ፤ የተገረመ ይመስለኛል። የግራ እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ስሎ ላከልኝ። ከእጅ አንጓው እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ 19 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። እጀታው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አለው ብሎኛል። የትኛው ይሆነዋል?

የሐይቅ ዳሯ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ በርዝመት ብቻ አይፈረድም፤ የመዳፉ ውፍረትም አለ። ለግራኝ የተሠራውን እጀታ ፋብሪካው ራሱ ያቀርበዋል። ሱቅ ሄዶ መካከለኛውንም ትልቁንም ይጨብጥ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ልክክ የሚል እጀታ ከሱቅ አይወጣም፤ የሰፋበትን በእንጨት ስቱኮ ይሞላዋል፣ የጠበበውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደረግነው።

ባለቶርኖው

እጀታውን ለብቻው ፈትቶ በሰው ይላክልኝ። ብርጭቆ ወረቀቱን ለእኔ ተዉት።