በጥንታውያን የዕብራይስጥ መጻሕፍት ላይ ስለሚታየው የሳንሱር ቀለም

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የታተመ አንድ የዕብራይስጥ መጽሐፍ በምስል ተነሥቶ አይቼ ነበር። በርካታ መስመሮች በጥቁር ቀለም ተሰርዘዋል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል የተጻፈ ፊርማና «1597» የሚል ዓመት ሰፍሯል። ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን ጎጂ ነው ብላ ካመነች ስለ ምን አላቃጠለችውም? ካላመነችስ ስለ ምን ሰረዘችው?

የመጀመሪያው መልስ፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ማቃጠሉ አስቀድሞ ተፈጽሟልና። በቬኒስ የሚኖሩ ሁለት ክርስቲያን አሳታሚዎች የአይሁድ ሊቅ የሙሴ ማይሞኒደስን የሕግ መጽሐፍ በየፊናቸው አሳትመው ሲካሰሱ፣ ክሱ ሮሜ ደርሶ በአይሁድ መጻሕፍት ሁሉ ላይ ዐይን እንዲጣል አደረገ። በዩልዮስ 3ኛ ዘመነ ጵጵስና፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1553 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ልክ በአይሁድ አዲስ ዓመት ዕለት፣ ተልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ትርጓሜና ክርክር ስብስብ፣ በሮሜው ካምፖ ዴ ፊዮሪ አደባባይ ተቃጠለ። በዓመቱ ግን ሌሎቹ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ክርስቶስን የሚነቅፍ ቃል እስከ ወጣላቸው ድረስ በባለቤቶቻቸው እጅ እንዲቆዩ ተፈቀደ። እርስዎ ያዩት ፊርማ ከዚህ ፈቃድ የመጣ ነው።

በ1590ዎቹ በጣሊያኗ ማንቱዋ ከተማ ከሠሩት የመጻሕፍት መርማሪዎች (ሳንሱሮች) እጅግ የታወቀው ዶሜኒኮ ጄሮሶሊሚታኖ ሲሆን፣ በኢየሩሳሌም ተወልዶ የአይሁድን ትምህርት ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነበር። በ1596 በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚሰረዝ የሚዘረዝር መመሪያ አዘጋጅቷል። ፊርማው ለመጽሐፉ ባለቤት የይለፍ ወረቀት ያህል ነበር፤ የመርማሪውን የድካም ዋጋ የሚከፍለውም ያው መጽሐፉ የተሰረዘበት ባለቤት ነው።

ሁለተኛው መልስ፦
የቀደሙት መላሽ ያሰፈሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንባቢ ነገሩን እንደ ቸርነት እንዳይወስደው እሰጋለሁ። በ1564 የወጣው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ተልሙድን የፈቀደው ስሙ ከርእሱ እንዲወጣና ክርስትናን የሚነቅፍ ቃል እንዲቀርለት በማዘዝ ነበር። ከ1578 እስከ 1581 በባዝል የታተመው ተልሙድ የዚህ ፈቃድ ፍሬ ሲሆን፣ ስለ ጣዖት አምልኮ የሚናገረው ክፍል ከነአካቴው ተትቶ፣ በቀረውም ውስጥ ብዙ ቃላት ተለውጠው ወጣ። ይህም ሆኖ ጳጳሱ ቀለሜንጦስ 8ኛ በ1593 ክልከላውን መልሶ አጸናው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ፍርሃቱ ወደ ጸሐፊዎቹ ቤት መግባቱ ነው። የጣሊያን አይሁድ ወኪሎች በ1554 ፌራራ ላይ ተሰብስበው፣ ማንኛውም አዲስ መጽሐፍ ሦስት ረቢዎችና የማኅበረሰቡ አለቆች ሳይፈቅዱ እንዳይታተም ወሰኑ። የሌላ እጅ የሰረዘው ቢያንስ ምልክቱ ይታያል፤ ደራሲው ገና ሳይጽፈው የተወውን ግን ማንም ሊያገኘው አይችልም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከቀለሙ በታች ያለውን ጽሑፍ ዛሬ ማንበብ ይቻል ይሆን?

ሦስተኛው መልስ፦
ብዙ ጊዜ ይቻላል። የመርማሪዎቹ ቀለም ከኅትመቱ ቀለም የተለየ በመሆኑ፣ በዘመን ብዛት ደብዝዞ የታተመው ፊደል ከሥሩ ብቅ ያለባቸው ቅጂዎች ጥቂት አይደሉም። በአንጻሩ ቀለሙ ወረቀቱን በልቶ ቀዳዳ የተወባቸውም አሉ። እንዲህ ባለው ጊዜ ያው መጽሐፍ ከ1553 በፊት ታትሞ ከሆነ ያንን እትም፣ አለዚያም ከመርማሪ እጅ ያመለጠ ሌላ ቅጂ ፈልጎ ማስተያየት ይገባል። ለተልሙድ ዳንኤል ቦምበርግ በቬኒስ ያሳተመውና በ1523 የተፈጸመው እትም የባዝሉ መርማሪ ምን እንዳወጣ መስመር በመስመር ያሳያል። የእርስዎን መጽሐፍ ርእስ ቢጽፉልን የቀደመ እትም መኖሩን አብረን እንፈልጋለን።