ከጎልድፊሽ ጋር በአንድ ገንዳ ምን ዓሣ ይስማማል?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለቤቱ። 120 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ፤ ርዝመቱ 90 ሴንቲ ነው። ውስጡ ሁለት ጎልድፊሾች አሉ፤ አንዱ ኦራንዳ፣ ሌላው ዓይኑ ወጣ ወጣ ያለው ጥቁር ቴሌስኮፕ። ሁለቱም 8 ሴንቲ ይሆናሉ። ሂተር የለም፤ ውሃው ጠዋት 18፣ ከሰዓት 21 ዲግሪ ነው። ፊልተሩ በሰዓት 600 ሊትር ያዞራል። ገንዳው ጭር ስላለብኝ ሻጩን ስጠይቀው አራት ነገር መከረኝ፦ አልጌ እንዲልስ አንድ ፕሌኮ፣ ለቀለም ስድስት ጋፒ፣ አንድ ቤታ፣ አንድ ኮሜት ጎልድፊሽ። የትኛውን ላስገባ?

ኦራንዳ ወዳድ

ወንድሜ፣ ከአራቱ አንዱንም አታስገባ። ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

ፕሌኮ ሲሸጥ 5 ሴንቲ ነው፤ የተለመደው ዝርያ ሲያድግ ግን 30 ሴንቲ ያልፋል፣ ኩሱም ብዙ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሌሊት ነው። ጎልድፊሽ ሲጨልም ባለበት ይቆማል፤ ፕሌኮ ጎኑ ላይ ተለጥፎ ቆዳውን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ነገር ይመጥጣል። ጠዋት ቅርፊቱ የረገፈ ቀይ ቦታ ታያለህ፤ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚገቡት በዚያ ነው። አልጌ የሚበዛው ብርሃንና ናይትሬት (ከዓሣ ኩስ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀም ነገር) ሲበዛ ስለሆነ መብራቱን በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ አብራ፣ መስታወቱን ሳሙና ባልነካው ስፖንጅ ጥረግ።

ቤታ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በ18 ዲግሪ ይፈዛል፣ መብላት ያቆማል። ጋፒ ከእሱ ይልቅ ብርድ ይችላል፤ ግን ወንዱ ጋፒ 3 ሴንቲ ነው፣ ኦራንዳህ ደግሞ 15 ሴንቲና ከዚያ በላይ ያድጋል። ጎልድፊሽ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስቦ ቀምሶ የማይሆነውን የሚተፋ ፍጥረት ነው። ያልተፋውን ውጦታል ማለት ነው።

ሻጭ ቀጥሎ ኮሪዶራስ ወይም ኦቶሲንክለስ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች ሊያቀርብልህ ይችላልና አስቀድሜ ልንገርህ። የሁለቱም ክንፍ ጠንካራ እሾህ አለው፤ ሲደነግጡ ዘርግተው ይቆልፉታል። ጎልድፊሹ ሊውጣቸው ሲሞክር እሾሁ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀርና ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ።

ረጅም ጅራት

ስለ ኮሜቱ እኔ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ጎልድፊሽ ከጎልድፊሽ ጋር ምን ችግር አለው?» ይባላል። ችግሩ የሰውነት ቅርጽ ነው። ኮሜት፣ ሹቡንኪንና ተራው ጎልድፊሽ ቀጭን ሰውነትና አንድ ጅራት አላቸው፤ ፈጣኖች ናቸው፣ 25 ሴንቲና ከዚያ በላይ ያድጋሉ፣ ቦታቸውም የግቢ ኩሬ ነው። ኦራንዳ፣ ፋንቴይልና ሪውኪን ክብ ሰውነትና ድርብ ጅራት ስላላቸው ሲዋኙ ይወዛወዛሉ። ምግብ ስትበትን ኮሜቱ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ ቴሌስኮፑ ገና ሽታውን ተከትሎ እየፈለገ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዱ ወፍሮ ሌላው ጀርባው ሰጥሞ ታገኘዋለህ፤ ውሃ ብትመረምር ግን ምንም ጉድለት አታይም።

እንዲያውም አሁን ያሉህ ሁለቱ ራሳቸው እኩል አይደሉም። የቴሌስኮፕ ዓይን ደካማ ነው። የሚሰምጥ ምግብ በሁለቱ ጫፍ ለየብቻ ጣል፤ ሹል ድንጋይና የፕላስቲክ ተክልም አውጣ፣ ዓይኑን ይቆርጡታል። ባብል ዓይና ሴለስቲያል የሚባሉት የጎልድፊሽ ዓይነቶች ከእነ ኦራንዳ ጋር ባይቀላቀሉ ይመረጣል፤ እርስ በርሳቸው ቢኖሩ ይሻላል።

አንድ ሌላ ነገር፦ ወደፊት አንዱ ሌላውን ከኋላ እየገፋ ሲያሳድድ ብታይ ጠብ ነው ብለህ አትለያቸው። የወንዱን የጉንጭ ክዳን ተመልከት፤ ነጫጭ ጥቃቅን ነጥቦች ካሉበት የመራቢያ ወቅቱ ነው። ነጥቦቹ መላ ሰውነቱ ላይ የጨው ፍሬ መስለው ከተበተኑ ግን የነጭ ነጥብ በሽታ ነው፤ ሕክምና ይፈልጋል።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ። እሺ፣ ሂተር ገዝቼ 27 ዲግሪ ባደርገውስ? ወይም ከሐይቅ የመጣ ትንሽ ቆሮሶ ቢገባ፣ የአገር ዓሣ ስለሆነ አይለምድም?

ኩሬ

ሁለቱም አይሆንም። ሙቀቱ በተለይ አዲስ አበባ ላይ ያስጨንቀኛል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ያው ውሃ እዚህ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። ወደ 27 ዲግሪ ስታሞቀው 6 ይደርሳል። በዚያው ልክ የዓሣው አካል በሙቀት ምክንያት ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፣ ከዓሣው የሚወጣው የአሞኒያ መርዛማነትም ይጨምራል። ያለ ሂተር ያለህ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ለጎልድፊሽ በጣም ጥሩ ነው፤ አታበላሸው። ኤር ፓምፕ ከሌለህ ከማንኛውም አዲስ ዓሣ በፊት እሱን ግዛ።

ቆሮሶ ሙቅ ውሃ ይወዳል፣ ቦታ ይዞ ይደባደባል፣ በአጭር ጊዜም ገንዳውን ይሞላል። አምባዛ ደግሞ አፉ የቻለውን ሁሉ ይበላል። በተቃራኒውም እባካችሁ፣ የሰለቻችሁን ጎልድፊሽ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። ጭቃ እየማሰ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የሌሎችን ዕንቁላል ይበላል፣ በሽታም ይዞ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለውንም ዓሣ ከመጨመርህ በፊት አስብ። ፊልተሩ ሲቆም አሞኒያን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጣሉ። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ አስቀምጥ፤ መብራት እስኪመጣ አትመግብ። ዝግ ፊልተር (ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ካኒስተር) ከ4 ሰዓት በላይ ከቆመ፣ ከመክፈትህ በፊት ውስጡ የቀረውን ውሃ ድፋና ስፖንጁን በገንዳው ውሃ እጠብ። ያለዚያ የተበላሸው ውሃ በሙሉ ተመልሶ ዓሦቹ ላይ ይፈስሳል።

ኦራንዳ ወዳድ

እንግዲህ የሚገባውን ልንገርህ። በ120 ሊትር ሁለት ጎልድፊሽ ማለት ቦታው ሞልቷል ማለት ነው፤ ለመጀመሪያው 75፣ ለተጨማሪው 40 ሊትር ብለህ ብታሰላ 115 ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ብዙ የማያቆሽሽ መሆን አለበት፤ ከ3 እስከ 4 ኔራይት ቀንድ አውጣ። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ አፉን የሚዘጋበት ክዳን አለው፣ አልጌም ይበላል። ዕንቁላሉ በጨው አልባ ውሃ ስለማይፈለፈል አይበዛብህም፤ ነጫጭ ነጥብ ሆኖ መስታወት ላይ ይቀራል እንጂ። ትልቁ ሚስትሪ ቀንድ አውጣም ይኖራል፤ ግን ጎልድፊሾቹ ረጅሙን አንቴናውን እየነከሱ ያሳጥሩታል። ሽሪምፕ ግን ምግባቸው ነው።

ወደፊት ከ250 ሊትር በላይ ገንዳ ካገኘህ ዶጆ ሎች የሚባለውን ዓሣ ምረጥ፤ ብርድ ይችላል፣ ሰላማዊ ነው። ከ15 ሴንቲ በላይ ስለሚያድግና ስለሚዘል ክዳን ያስፈልገዋል፤ ከታች ጠጠር ሳይሆን ለስላሳ አሸዋ ይሁን። ዋይት ክላውድ ሚኖው በሙቀት በኩል ይስማማል፤ 4 ሴንቲ ስለሆነ ግን ኦራንዳው ሲያድግ ይውጠዋል።

ረጅም ጅራት

ቀንድ አውጣውንም ቢሆን በቀጥታ አታስገባ። ጎልድፊሽ በሌለበት 20 ሊትር ዕቃ ውስጥ 4 ሳምንት አቆየው። ቀንድ አውጣ ራሱ በነጭ ነጥብ አይታመምም፤ ተውሳኩ ግን ከሱቁ ውሃና ከቅርፊቱ ጋር ይመጣል። በ18 ዲግሪ የሕይወት ዑደቱ ስለሚዘገይ አንድ ሳምንት አይበቃም። ከገባ በኋላ ደግሞ መዳብ ያለበት መድኃኒት ገንዳው ውስጥ አትጨምር፤ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ማከም ካስፈለገ ዓሣውን አውጥተህ ለብቻው አክም።

ውሃውን በየሳምንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ቀይር። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ይሁን። ውሃውን ከሮቶም ቅዳው ከቧንቧ፣ ክዳን በሌለው ባልዲ 24 ሰዓት አሳድረው፤ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ሙቀቱም ይስተካከላል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን ይህን አትከተሉ፤ የእናንተ ቧንቧ ክሎራሚን የሚባል ማጽጃ ስላለው በማሳደር አይጠፋም፣ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ግድ ነው።

ጠያቂ

ኔራይት ካጣሁስ?

ኩሬ

ምንም አትጨምር። ጭር ካለብህ አኑቢያስ ወይም ጃቫ ፈርን የሚባል የውሃ ተክል ግዛ። ቅጠላቸው ጠንካራ ስለሆነ ጎልድፊሽ ብዙም አይበላቸውም። ሥራቸውን ጠጠር ውስጥ አትቅበር፤ ማሰው ይነቅሉታል፣ ግንዱም ይበሰብሳል። በጥጥ ክር ድንጋይ ላይ እሰረው።