የ15 ዓመት ልጅ ሲነጫነጭ ዕድሜው ነው ወይስ ድብርት?

ጥያቄ (የክፍል ኃላፊ መምህር)
ሰላም ለሁላችሁ። ከ14 እስከ 16 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ነገሩ ሁሉ ያናድዳቸዋል፣ ያኮርፋሉ፣ ውጤታቸውም ይወርዳል። የጉርምስና ጠባይ የት አብቅቶ ሕመሙ የት ይጀምራል? ልጁ «ምንም አልሆንኩም» ካለስ ቀጥሎ ምን ይባላል? ራስን ስለማጥፋት ከጠየቅነው ሐሳቡን እናስገባበታለን ብለው የሚፈሩም አሉ።

መልስ 1 (የሥነ ልቦና አማካሪ)
መምህር፣ ሐዘን ብቻ አይፈልጉ። በዚህ ዕድሜ ድብርት ብዙ ጊዜ ብስጭት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ልጁ «ባለጌ ሆነ» ተብሎ ሲቀጣ ሕመሙ ሳይታወቅ ይከርማል። የጉርምስና ኩርፊያ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቤት ያኮረፈው ልጅ ጓደኞቹ ጋ ሲደርስ ይስቃል። ድብርት ግን ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አብዛኛውን ቀን ይዞት ይውላል፤ የትም ቢሄድ ይከተለዋል። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይወደው የነበረውን ነገር መተዉን ነው።

አምሽቶ መተኛት ብቻውን አያስደንግጥ፤ በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያህል ይዘገያል። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ተኝቶም ዝሎ የሚነሳ፣ ወይም ሊነጋጋ ሲል ነቅቶ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ግን ይታይ።

«ምን ሆንክ?» ለሚለው ጥያቄ «ምንም» የሚለው መልስ አፉ ላይ ነው። ይልቅ ያዩትን ይንገሩት፦ «3 ሳምንት ሆነህ፣ እረፍት ላይ ብቻህን ነህ፤ ኳሱንም ትተሃል። ምን ከበደህ?» ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ጎን ለጎን እየሄዱ መጠየቅ ይቀላል። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። «ከአንተ የባሰ አለ» ከተባለ ሁለተኛ አይናገርም።

መልስ 2 (የሳይካትሪ ነርስ)
መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው፤ ብዙዎች እንዲያውም እፎይ ይላሉ። ቃሉን ሳይሸፋፍኑ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይበሉት። አዎ ካለ፦ በምን? መቼ? ያሰብክበት ነገር እጅህ ላይ አለ? ከዚህ በፊት ሞክረሃል? ዕቅድ ካለው ለደቂቃም ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

«ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። ለማን እንደሚነገር አብረው ይምረጡ እንጂ ምስጢሩን ብቻዎን አይሸከሙት። ወላጆች መድኃኒቱንና ፀረ ተባዩን ዛሬውኑ ይቆልፉ፤ ግፊቱ ብዙ ጊዜ ከርሮ ይረግባል፣ በዚያች ሰዓት በእጁ የሚገባው ነገር ነው የሚወስነው።

መልስ 3 (ሐኪም)
ሲመረመር የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ነገርም ይታይ፤ ድካምና ትኩረት ማጣት ከዚያም ይመጣል። በብዛት የምንጠቀምበት የድብርት መጠይቅ 9 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ በደንብ ይመርመር። 9ኛው ራስን ስለመጉዳት ስለሆነ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ 0 ካልሆነ አይታለፍ።

መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ቤተሰብ «አልሠራም» ብሎ የሚያቆመው በ2ኛው ሳምንት ነው፤ በድንገት ማቆም ደግሞ ራሱ ያማል። ከ25 ዓመት በታች ባሉት ላይ መጀመሪያ አካባቢ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል በነዚያ ሳምንታት ክትትሉ ይጥበቅ። ልጁ ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱና ወሬው በዝቶ ከነበረ ክኒኑን ሳይጀምር ለሐኪሙ ይነገር፤ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ እየናረ፣ መልሶም በድብርት የሚወርድበት ሕመም) ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።