ሊሞን ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ፖምፓው ነው ወይስ ናፍጣው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የመንገድ ሰው (ጠያቂ)፦
ሰላም ወንድሞችና እኅቶች። ኮሎራዶ፣ ሊሞን ከተማ ነው ያለሁት። ኢንተርስቴት 70 በሁለቱም አቅጣጫ ተዘግቷል። ከተማው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ነዳጅ ብሰጠውም አልሰማ አለኝ። የጭነት መኪና ማረፊያው ግቢ ገብቼ ልቆም ስል ጠፋ። ባትሪው ደህና ነው፤ ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሣም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በካናቴራ ነበርኩ፤ አሁን በረዶው በነፋስ እየተገፋ ጎኔ የቆመውን መኪና እንኳ አያሳየኝም። የደወልኩለት መካኒክ መንገዱ ሳይከፈት አልመጣም አለ። ፖምፓው ተቃጥሎ ይሆን? ስንት ያስወጣኛል? የአጎቴ ልጅ አብሮኝ ነው፤ ጋቢናው እየቀዘቀዘ ነው።

ሜዳ ለሜዳ፦
አንቲጄል (ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመር ፈሳሽ) ጨምርበት።

የካንሳስ እናት፦
ልጄ፣ የፖምፓውን ዋጋ ቆይተህ ታስባለህ። የአጎትህን ልጅ አሁኑኑ ቀስቅሰውና ወደ ማረፊያው ሕንፃ ግቡ። ሞተሩ ካልሠራ ጋቢናው ብረት ነው፤ ብርድ ልብስ አይበቃችሁም። ስትወጡ ተያይዛችሁ ውጡ፣ ሕንፃው የማይታያችሁ ከሆነ ግን አትውጡ፤ ስልክ ደውላችሁ ለሠራተኞቹ የቆማችሁበትን ቦታ ንገሩ። ባለቤቴም ይህንኑ መስመር የሚነዳ ሰው ስለሆነ የምናገረውን አውቃለሁ።

ጋሽ መካኒኩ፦
ዋናውን ነገር አልነገርከንም። ናፍጣውን የት ሞላህ? መቼ?

ሰሜን ዳኮታ፦
ናፍጣ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሊሞን ዛሬ ከዜሮ በላይ 8 ዲግሪ ፋራናይት (በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 13 ያህል) ነው። እኔ ከዜሮ በታች 20 ላይ ስነዳ ረግቶብኝ አያውቅም። ይህ የፖምፓ ወይም የሴንሰር ችግር ነው። ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጠርሙስ አታባክን።

የመንገድ ሰው (ጠያቂ)፦
ሕንፃው ውስጥ ገብተናል፤ እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ናፍጣውን ዳላስ ነው የሞላሁት፣ ሁለቱንም ጋን። በአማሪሎ አድርጌ በ287 አውራ ጎዳና ወጣሁ። ጭነቱ ለዴንቨር ነው።

የአውሮራው፦
እንግዲያው ናፍጣህም በካናቴራ ነው የመጣው!

ጋሽ መካኒኩ፦
የአውሮራው ቀልድ ነገሩን በትክክል ገልጾታል። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ፊልትሮው ይደፈናል፣ ሞተሩ ይራባል። ጉልበት አጥቶ መጥፋቱ፣ እየዞረ አለመነሣቱ፣ ሁሉም ይህን ይመስላል። ሰሜን ዳኮታ ያልከው ለአንተ እውነት ነው፤ ምክንያቱም እዚያ በክረምት የሚሸጥልህ ናፍጣ ቀድሞ ከቁጥር 1 (በብርድ ቶሎ ከማይረጋው ቀለል ያለ ናፍጣ) ጋር የተቀላቀለ ነው። ዳላስ ላይ በመጋቢት የሚቀዳው ለዳላስ አየር የተዘጋጀ ቁጥር 2፣ ማለትም ተራው ናፍጣ ነው። ያልተቀላቀለ ቁጥር 2 ደግሞ 10 እና 15 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ፊልትሮ መድፈን ይችላል። አንተ 8 ላይ ነህ።

መልካም መንገድ፦
አንቲጄል ይጨመርበት። ሁለት ጠርሙስ።

ጋሽ መካኒኩ፦
ይህን የምትደጋግሙ ወንድሞች፣ ልጁን ታሳስቱታላችሁ። ተራው አንቲጄል የሚረዳው ናፍጣው ገና ፈሳሽ ሳለ ነው፤ የረጋውን አያቀልጥም።

የመንገድ ሰው (ጠያቂ)፦
እዚህ ሱቅ ውስጥ ነጭ ጠርሙስም ቀይ ጠርሙስም አለ። የትኛው ነው? ሱቁ በሰው ተጨናንቋል፣ እያለቀም ነው።

ደመና ጠባቂ፦
ለሁላችሁም የሚጠቅም ነገር ልጨምር። መጋቢት ገባ ብሎ ክረምቱ ወጣ ማለት በዚህ ሜዳ ላይ አይሠራም። ዴንቨር በአማካይ ብዙ በረዶ የሚጥልባት ወር ማርች ነው። ነፋሱ የሮኪ ተራሮችን ተሻግሮ ሲወርድ በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ ላይ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይፈጠራል፤ እርሱም ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥበት፣ ከካናዳ ቅዝቃዜ ይስባል። በፀደይ ሁለቱም ጉልበት ስላላቸው ግጭቱ ይከፋል። በማርች 2003 ዴንቨር 80 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ተከምሮባት ነበር። በማርች 13 ቀን 2019 ደግሞ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ነፋሱ በሰዓት ወደ 130 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ከሊሞን እስከ ካንሳስ ነፋሱን የሚያቆም ዛፍ እንኳ የለም፤ መንገዱ የሚዘጋው ከሚጥለው በረዶ ይልቅ ነፋሱ በሚነዳው ነው።

ጀማሪ፦
አዲስ አበባ ከሊሞን በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ታዲያ እኛ አገር በረዶው ለምን እንዲህ አይሆንም?

ደመና ጠባቂ፦
አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፤ የሰሜን ዋልታ ቅዝቃዜ አይደርስባትም። ሌላ ጊዜ በሰፊው እንነጋገርበታለን።

ጋሽ መካኒኩ፦
ልጁ እየጠበቀ ነው። የጠርሙሱን ቀለም ተወው፣ ጽሑፉን አንብብ። አንዱ ናፍጣው ሳይረጋ የሚጨመር ነው፤ ሌላው የረጋውን የሚያቀልጥ ነው፣ የምትፈልገው ይህንን ነው። አዲስ ፊልትሮም ግዛ፤ ከሌላቸው ያለውን ፈትተህ ሞቃት ክፍል ውስጥ አቆየው። ፊልትሮውን በማቅለጫውና በንጹሕ ናፍጣ ሙላና ግጠም፣ የቀረውን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጋኖቹ ውስጥ ጨምር። ውኃ መለያውንም አፍስስ፤ አንዳንዴ የሚደፍነው የቀዘቀዘ ውኃ ነው። ጥቂት ቆይተህ አስነሣ፤ በአንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት አታዙረው፣ ማስነሻውን ታቃጥለዋለህ። እሳት እንዳታስጠጋ፣ ቤንዚንም እንዳትቀላቅል። ከተነሣ አታጥፋው፤ ከሞተሩ የሚመለሰው ሞቃት ናፍጣ ጋኑን ያሞቀዋል። ከዚያ እዚያው ማረፊያው የሚሸጠውን የክረምት ናፍጣ ጨምርበት። ይህን ሁሉ የምትሠራው ግን ነፋሱ ጋብ ሲል፣ ከአጎትህ ልጅ ጋር ሆናችሁ ነው።

ሰሜን ዳኮታ፦
ዳላስ መሆኑን አላነበብኩም ነበር። ከጋሽ መካኒኩ ጋር እስማማለሁ።

ፈጣኑ፦
ከተነሣልህ መንገዱ እስኪከፈት አትጠብቅ። በገጠሩ መንገድ ዞረህ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ መግባት ትችላለህ፤ እኔ ገብቻለሁ።

የካንሳስ እናት፦
ተው ልጄ፣ እንዲህ አይመከርም! አውራው መንገድ ሲዘጋ የገጠሩ መንገድ ይብሳል፤ በረዶ ጠራጊም ፖሊስም ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። በማርች 26 ቀን 1931 ከዚያው ከሊሞን ደቡብ ምሥራቅ፣ ቶነር በምትባል መንደር አጠገብ አንድ የተማሪዎች አውቶቡስ በበረዶ ማዕበል ተያዘ። ሾፌሩ እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ወጥቶ ሜዳ ላይ ሞተ፤ አምስት ልጆችም ሞቱ። መንገድ ላይ የተያዘ ሰው መኪናውን አይለቅም፤ ሞተሩን ካስነሣም ማርሚታው በበረዶ እንዳይደፈን ደጋግሞ ይጠርጋል፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ሳይሸት ይገድላል። ጭነቱ ቢዘገይ ይዘገይ። ለድርጅቱ ደውለህ መንገዱ መዘጋቱን አስመዝግብ።

የአውሮራው፦
የመንገድ ሰው፣ ተነሣልህ? ዴንቨር ስትገባ ሽሮው በእኔ ነው፤ ጾም ስለሆነ ሥጋውን ለፋሲካ አቆይልሃለሁ።

ባለ ሁለት ጋን፦
ጠያቂው እስኪመለስ ልጠይቅ። እኔ ዋዮሚንግ፣ ቺየን ነኝ፤ ኢንተርስቴት 80 ተዘግቷል። ናፍጣውን ኦክላሆማ ሞላሁ። ሞተሩ ገና እየሠራ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ላጥፋው?

ጋሽ መካኒኩ፦
አታጥፋው! አንተ ገና አልረጋብህም፤ ስለዚህ ለአንተ የሚሆነው አስቀድሞ የሚጨመረው ነው። አሁኑኑ በሁለቱም ጋን ጨምር፤ የቆምክበት ማረፊያ ናፍጣ ካለው በላዩ ሙላበት፣ ሲቀዳ ይቀላቀላል። ተጎታችህ ማቀዝቀዣ ያለው ከሆነ የእርሱንም ጋን አትርሳ። ማርሚታህ ከየት በኩል ነው፣ ከላይ ወይስ ከሥር?